ዓሣ ጎርጓሪዎች

ኬመረር ስንገባ ነፋስ ተቀበለን፤
ገና በር ስንከፍት ኮፍያችንን ቀማን።
ከተማ ነው ካሉት ከተማ ነው እንግዲህ፤
አንድ ሰፊ መንገድ፣ ጉብታ ወዲያና ወዲህ፣
የባቡር ሐዲድ፣ የድሮ ከሰል ጥቀርሻ፣
በሦስት ማዕዘን የተከለለ መናፈሻ፣
ከዚያ ወዲያ ሰማይ። ሰማይ ብቻ። ሰማይ።
«ይህን ለማየት ነው ፈቃዴን ያቃጠልኩት ወይ?»
አለች ትርንጎ፣ ፀጉሯን በእጇ ይዛ።

እሷ ሁለት ሰዓት፣ እኔ ስድስት ነዳሁ፤
ታናሽ ነኝ፤ ርቀቱን ለምጄው አደግሁ።
ሰባት ዓመት ሙሉ ያወራነው ቢኖር
በስልክ የሚላክ የአበባ ሥዕል ነበር፤
«እንኳን አደረሰሽ»፤ «እንኳን አብሮ አደረሰን»፤
ይኸው አብሮ አደረሰን፣ ካባ ጫፍ ላይ አቆመን።

ዌንደል ይባላል የካባው ባለቤት፤
አውራ ጣቱን በፕላስተር የጠቀለለበት።
መዶሻና መሮ ለየእጃችን ሰጠ፤
«በጎን ነው የሚመታ፤ በግንባር አይሆንም፤
የቸኮለ መዶሻ ዓሣ አያገኝም።
በሰዓት ነው ሒሳቡ፤ የወጣው ዓሣ የእናንተ ነው፤
አዞ ከሆነ ግን» አለና ሳቀ፣ «የእኔ ነው።»

ሐይቅ ነበር አሉ ይህ የደረቀ ጋራ፣
ዘንባባ የከበበው፣ ከነአዞው ጋራ።
ዛሬ ሚዳቋ ነው ጠጠሩን የሚረግጠው።
«‹ዓሣ ግማቱ ካናቱ› የሚሉት ውሸት ነው»
አለች እህቴ፣ የመጀመሪያው ሲወጣ፣
ጭንቅላት ብቻ፣ ጅራቱ የታጣ፤
«ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት ይኸው ሳይገማ!»
ሳቅን። ከዚያ በኋላ ድምፅ አልተሰማ፣
ከብረት በቀር።
ጠፍጣፋው ተከፈተ፤ ባዶ።
ሌላው ተከፈተ፤ ባዶ።
ሌላው፤ አንድ ቅርፊት። እንደገና ባዶ።

ዓሣ ጎርጓሪ ነው ዘንዶ የሚያወጣ፤
የጎረጎርኩት እኔ፤ ከእኔ አፍ ነው የወጣ፦
«ያ ስድስት ሺህ ዶላር» አልኩ ቀና ሳልል።
መሮዋን አቆመች። አቧራውን በመዳፏ
ጠረገች፣ የሌለውንም ጠረገች።
«ለሱቅ አልነበረም» አለች።
«ለሐኪም ነበር። ሦስት ጊዜ ሞከርን።
ሦስቱም—» አለችና ድንጋዩን መታች።

እኔ ሰባት ዓመት፣ ለሰማኝ ሁሉ፣
«ሱቋ ከስሮ ነው» ስል፣
መደርደሪያውን በልቤ ስደረድር፣ ዕቃውን ስተምን፣
ያልተከፈተ ሱቅ ስከፍት፣ ስዘጋ፣
እሷ ከሐኪም ቤት ብቻዋን ስትነዳ።

ያኔ ነው ድንጋዩ እንደ ጣት የሚረዝም ዓሣ
ለሁለት የከፈለው፤ አከርካሪው ሳይሳሳ፣
ክንፉ ሳይጎድል። አጥንቱ በእሷ ግማሽ ቀረ፤
በእኔ ግማሽ ላይ ግን ቦታው ብቻ ነበረ።
«ሁለቱም ዓሣ ነው» አለ ዌንደል ሲያልፍ፣
«ዋጋቸው እኩል ነው።» ማንም ዋጋ አልጠየቀውም።

ማታ ገደሉ ቀላ፣ ከዚያ ግራጫ ሆነ፣
ከዚያ የለም። በሞቴሉ ደጃፍ
ነፋስ ባጎደፈው ፕላስቲክ ወንበር ላይ
ቺፕስ በላን። ይቅርታ ያለ ሰው የለም፤
እሷ ጫማዬን አራገፈችልኝ፣
እኔ የጣቷን ቁስል አጠብኩ፤
ደግሞ ስለ ጎማዬ ተቆጣችኝ፣ «አልቋል» ብላ።

ጠዋት ስንለያይ ምራቋን በአውራ ጣቷ
ነክታ፣ የእኔን ባዶ ድንጋይ አሸችው፤
እርጥቡ ላይ ዓሣው ብቅ አለ፣ ጠቆረ፣
እያንዳንዱ አጥንት የተኛበት ታየ።
«ሲደርቅ ይጠፋል» አለች። መኪናዋ ገባች።

ራውሊንስ ላይ ነዳጅ ስቀዳ
መስተዋት በሚታጠብበት ውኃ
አራስኩት።